የቤት መኪናዋ ጾም

ስለ መኪና ማውራት ስጀምር ሚስቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልክ ናት፤ እኔም ብሆን እገባለሁ። ስለዚህች መኪና ግን ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

ቤት መኪና ነበር የምንላት። ከኋላዋ ሁለት አልጋ፣ ሳህን የምታህል የዕቃ ማጠቢያ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መጋረጃ ያላቸው ትንንሽ መስኮቶችና ግድግዳው ላይ የተሰኩ የእንጨት ቁም ሣጥኖች ነበሯት። ያመጧት ጣናን ሊያጠኑ የመጡ ባልና ሚስት ፈረንጆች ናቸው። አብዮቱ ሲፈነዳ እነሱ በአውሮፕላን ሄዱ፤ እሷ ባሕር ዳር ቀረች። መሥሪያ ቤታችን እሷን ወረሰ፤ እኔ ደግሞ ሾፌርም መካኒክም ሆኜ ጣጣዋን ወረስሁ።

መለዋወጫ የሚባል ነገር በአገር አልነበረም። ቺንጋዋን ከአሮጌ ትራክተር ፈትቼ አመጣሁላት፤ የውሃ ቱቦዋን በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርሁት፤ የራዲያተር ክዳኗን ላስቲክ ከጫማ ሶል ቆርጬ ሠራሁት። ይህ ሁሉ ይዞልኝ ነበር። ያልያዘልኝ ራዲያተሩ ራሱ ነው። ከታች በኩል መርፌ እንኳ የማያስገባ ቀዳዳ ነበረበት፤ እሱን ባስበየድሁት ቁጥር ከጎኑ ሌላ ይከፈታል። ሌሊቱን ጠብ ጠብ ስትል ታድራለች፤ ጠዋት ከሥሯ መሬቱ ርሶ አገኘዋለሁ። ውሃዋ ሲጎድል ደግሞ መንገድ ላይ ትፈላለች። እኔም እንደ እሷ ቶሎ የምፈላ ሰው ስለሆንሁ ብዙ ቀን አንድ ላይ ፈልተናል።

ስትቆም የሚጠብቋት አማቴ ነበሩ፤ የሚስቴ አባት። መሸንቲ አጠገብ ያለውን እርሻቸውን ለልጃቸው ትተው እኛ ዘንድ ሲመጡ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን እንደ በሽታ ስለፈሩት፣ ለምኜ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ አስደረግኋቸው። መኪናዋ ራቅ ወዳለ አገር ስትሄድም አብረው ይሄዳሉ። ውስጧን ይጠርጋሉ፤ እኛ ለሥራ ስንወርድ በሯ ላይ ዱላቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እሳቸው «በቅሎዋ» ነው የሚሏት። ጠዋት ጠዋት የረሰውን መሬት ሲያዩ፣ «በቅሎዋ ዛሬም ሽንቷን መያዝ አቃታት» ብለው ከልባቸው ያዝኑላታል።

የምንፈራው ሰው ደግሞ ነበር። ለመሥሪያ ቤታችን የተመደበው ካድሬ። ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ዓይኑን ከሰው ላይ የማያነሣ። የጣና ዳር ካህናት ልጅ ነው፣ በልጅነቱም ቅኔ ቤት ነበር ይባላል፤ እሱ ግን ስለዚያ ተናግሮ አያውቅም። ይህ ካድሬ ጨጓራ ነበረበት። ለሥራ ወጥተን እኛ ዓሣ ስንበላ እሱ «ጨጓራዬ» ብሎ ወደ መኪናዋ ይገባል፤ የመስኮቶቹን መጋረጃ ይስባል፤ ከቁም ሣጥኑ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አውርዶ በብርጭቆ በጥብጦ ይጠጣል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የተፈጨ ተልባ ነበር። ተልባ ለጨጓራ ጥሩ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እኔን የገረመኝ ጨጓራው ነው። ረቡዕና ዓርብ ይነሣበታል፤ ሐሙስ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ያድራል። ሁዳዴ ሲገባማ ሁለት ወር ሙሉ ይታመማል።

ይህን ያየሁት መሪዬ ላይ ተቀምጬ በኋላ ማሳያ መስታወቴ ነው፤ ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ አላልሁም። በዚያን ጊዜ የፓርቲ ሰው ሲጾም ተገኘ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ወንበሩን ያጣል፤ ከወንበሩ ሌላ ምን እንደሚያጣ ደግሞ አይታወቅም። የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ነገር ስለነበር እንደ መኪናዋ ምስጢር አድርጌ ያዝሁት።

እሱ ግን ለእኔ አላዘነልኝም። የካቲት ላይ ከመርዓዊ ስንመለስ መኪናዋ ፈልታ መንገድ ላይ አቆመችን። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ በእንፋሎቱ ውስጥ ስሳደብ፣ ካድሬው አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ጓድ ሾፌር» አለኝ፤ «ከእንግዲህ ይህች መኪና እኔን ይዛ ብትቆም ብልሽት ብዬ አልጠራውም። አሻጥር ብዬ ነው የምጠራው።»

አሻጥር የምትለዋን ቃል ለማያውቅ ላስረዳ። ብልሽት ከሆነ መካኒክ ይጠራል። አሻጥር ከሆነ መርማሪ ይጠራል። የሰፈራችን የወፍጮ ሠራተኛ ሞተር ተቃጥሎበት በዚህች ቃል ተወሰደ፤ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ቆሞ አላወቀችውም፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራው ይደነግጣል። እና ካድሬው ያንን ሲለኝ የጋለው ኮፈን ላይ እጄን አሳርፌ ቃጠሎው እንኳ አልተሰማኝም ነበር።

መጋቢት ሲገባ ከአዲስ አበባ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ እንደሚመጣ ተነገረን። ደልጊ ሄዶ የዓሣ አጥማጆችን ማኅበር ሊጎበኝ ነው፤ የሚሄደውም በቤት መኪናዋ ነው። መንገዱ በወረታ፣ በአዘዞ አድርጎ ጣናን እየዞረ የሚሄድ ረዥም የኮረት መንገድ ነው፤ ለደህና መኪናም ይከብዳል። ቀኑ ዓርብ ሆነ፤ በሁዳዴ ዓርብ።

ያንን ሳምንት ከመኪናዋ ሥር ነው የከረምሁት። ራዲያተሩን አውርጄ አስበየድሁ፤ መልሼ ገጠምሁ፤ ፓምፑን ፈትቼ አየሁ፤ ቺንጋውን አጠበቅሁ። ረቡዕ ማታ እንደገና ጠብ ጠብ ስትል ሰማኋት። እቤት ገብቼ ለማንም ሰላም ሳልል ተቀመጥሁ። ሚስቴ ምን ሆንህ ስትለኝ፣ በንዴት ያንን ሁሉ አወራሁ። የደብረ ማርቆስ መንገድ ሾፌሮች እንዲህ ሲቸግራቸው የእንቁላል ውሃውን ለይተው ራዲያተር ውስጥ እንደሚጨምሩ፣ እሱም በሙቀቱ እየረጋ ቀዳዳውን እንደሚደፍነው፣ እንቁላል ያጣ ደግሞ ጣት ጫፍ የምትሆን ተልባ እንደሚሞክር ነገርኋት። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሁሉ ካልሆነ በቀር አልሞክርም አልሁ።

«በሁዳዴ እንቁላል!» አሉ አማቴ ከጥግ ሆነው። እንቁላል በሁዳዴ መብላት ቀርቶ በእጃቸው አይነኩም።  ቃሌን ግን ይዘውታል፤ ጣት ጫፍ ያልሁትን ብቻ ነው ያልያዙት።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መሥሪያ ቤት ደረስሁ። መጀመሪያ ያየሁት ከመኪናዋ ሥር ያለውን መሬት ነው። ደረቅ ነበር። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስሁት፤ አቧራ ነው። ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ ውሃው አፉ ድረስ ሙሉ ነው። ደስታዬን አልቻልሁትም። ብየዳው ያዘ ብዬ የራዲያተሩን ጎን እንደ ልጅ ጉንጭ መታ መታ አደረግሁት። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ እያሉ ያዩኛል። ለብየዳው የፈገጉ መስሎኝ ነበር።

እንግዳው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ወፍራም፣ ንጹሕ ሰው ነው። እጄን ጨብጦ ስለ ሞተሩ ጠየቀኝ፤ የምመልስለትን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ። እንዲህ ያለው ሰው ከሚጮኸው የበለጠ ያስፈራኛል። እሱና ካድሬው ከኋላ ተቀመጡ፤ አማቴ ከእኔ ጎን። የዓባይን ድልድይ ተሻገርን።

ሐሙሲት ሳንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት መነሣት ጀመረ። ከመካከል ትንሽ አለፈ። ውሃ ሙሉ ነው፤ ቺንጋው ጥብቅ ነው፤ ምን ነካት? ፍጥነቴን ቀነስሁ። ቀስቱ አልወረደም። እንዲህ ሲሆን የማደርጋት አንድ ነገር አለችኝ። ቤት መኪናዋ የኋላ ክፍሏ የሚሞቅበት ማሞቂያ አላት፤ ፈረንጆቹ ለአገራቸው ብርድ የሠሩት ነው። የሞተሩ ፍል ውሃ በቱቦ ሄዶ በወንበሩ ሥር ያልፋል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ቤቱ ይነፋዋል። ያንን ሲከፍቱት ሞተሩ ትንሽ እፎይ ይላል። ከፈትሁት። በመጋቢት ፀሐይ፣ የአዲስ አበባው ኃላፊ ባለበት፣ ማሞቂያ ከፈትሁ።

«ጓድ ሾፌር፣ ይህ ነገር ምንድን ነው?» አለ ካድሬው ከኋላ።

«ለሞተሩ ነው፣ ጓድ። ትንሽ ታገሡ።»

በመስታወቱ አየዋለሁ። እንግዳው ኮቱን አወለቀ፤ ቀጥሎ በመሐረብ አንገቱን መጥረግ ያዘ።  ካድሬው ዓይኑን ማጅራቴ ላይ ተክሏል። ወደ ጉማራ ድልድይ ስንወርድ ቀስቱ ከመካከል ብዙም አልራቀም ነበርና፣ ወረታ ብደርስ አሳርፋታለሁ ብዬ በልቤ ተለማመጥኋት።

ጉማራን አልፈን የፎገራን ሜዳ ስንይዝ እንግዳው የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ። «አሁን ቀዘቀዘ፤ ጥሩ ነው» አለ።

ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ማሞቂያውን አልዘጋሁትም። ማሞቂያው ክፍት ሆኖ ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ውሃው አይንቀሳቀስም ማለት ነው፤ ሞተሩ ብቻውን ይቃጠላል ማለት ነው። ቀስቱን ሳየው ቀዩን ነክቷል። ወዲያው ከፊት ነጭ እንፋሎት ወጣና መንገዱን ጋረደኝ። ወደ ዳር አውጥቼ አጠፋኋት። የወረታ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ከፊታችን ይታያሉ።

ጨርቅ በእጄ ጠቅልዬ፣ እንፋሎቱ በረድ እስኪል ጠብቄ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ ፈታሁት። ውሃ አልነበረም የወጣው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የሚሳብ ነገር እየተንተከተከ ወጥቶ በራዲያተሩ ላይ ተንዠረገገ። ሽታውን ከማወቄ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። የሁዳዴ ምሳ ሽታ ነው። ቀና ብዬ አማቴን አየኋቸው። እሳቸውም ፈሳሹን እያዩ ነበር፤ ከፊታቸው ላይ ፈገግታው ጠፍቷል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

እንግዳውና ካድሬው ወርደው መጡ።

«ምንድን ነው?» አለ እንግዳው።

«ዝገት ነው፣ ጓድ። ያረጀ ራዲያተር እንዲህ ያመጣል።»

እንግዳው በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ አነሣው። ጣቶቹን ሲያላቅቃቸው በመካከላቸው ክር ሆኖ ተሳበ። አሸተተው።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ይህ ተልባ ነው።» ጣቱን በመሐረቡ ጠረገና ወደ ካድሬው ዞረ። «መንግሥት ለሥራ የላከን ቀን፣ ራዲያተር ውስጥ ተልባ። እናንተ እዚህ አገር ይህን ምን ትሉታላችሁ?»

«አሻጥር» አለ ካድሬው፤ ሳያስብ፣ ቃሉ አፉ ላይ እንደ ተዘጋጀ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ካልሁ እኔ እወሰዳለሁ፤ እሳቸው ካሉ እሳቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ምርመራ ቤት ምን ይሆናሉ? ለሚስቴስ ምን ብዬ እገባለሁ? ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አማቴ ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ትናንት ማታ እኔ ነኝ የጨመርሁት። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ጠዋት አላፈሰሰችም እኮ! ልጄ ይመስክር፤ መሬቱ ደረቅ አልነበረም ወይ?»

«አባቴ፣ ዝም ይበሉ» አልሁ።

«ተዋቸው ይናገሩ» አለ እንግዳው። «ተልባውን ከየት አመጡት? ማን ሰጠዎት?»

«ማንም አልሰጠኝ። የራሷ ነው፣ የመኪናዋ። ስጠርግ ከቁም ሣጥኗ አገኘሁት፤ በቆርቆሮ።»

«ተልባ በመንግሥት መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱን ነው ያሰብሁት!» አሉ አማቴ፤ ነገሩ ስለገባላቸው ትንሽ ቀና ብለው። «በዚህች መኪና የሚሄዱት ካድሬዎች ናቸው። ካድሬ ደግሞ አይጾም። ካልጾመ ተልባ ምን ያደርግለታል? እንግዲያ ለራዲያተሩ ያስቀመጡት ነው አልሁ። ልጄም ተልባ ቀዳዳ ይደፍናል ሲል ሰምቻለሁ። ጥቂት አይበቃትም ብዬ ሁሉንም ገለበጥሁላት።»

 ከሞተሩ የሚንጣጣው ብረት ብቻ ይሰማል። እንግዳው ከአማቴ ላይ ዓይኑን ቀስ ብሎ አንሥቶ ካድሬውን ተመለከተው። የካድሬው ፊት አመድ መስሏል።

«ቆርቆሮው የማን ነው?»

«አላውቅም» ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። አላውቅም ካለ ሽማግሌው ዋሽተዋል፤ ተልባውን ከቤታቸው አምጥተዋል፤ እኔም አማቻቸው ነኝና ያዘዝኋቸው እኔ ነኝ። እሱ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል፤ እኛ ሁለታችን ወደ መርማሪ። ካድሬውን አየሁት፤ እለምነው ዘንድ አፍ አልነበረኝም። እሱ እኔን አላየኝም። አማቴን ነበር የሚያየው፤ ዱላቸውን፣ የተጠቀለለ ነጠላቸውን፣ በክር የታሰረውን የአንገት ማዕተባቸውን።

«የእኔ ነው» አለ።

«ያንተ።»

«ለራዲያተሩ ያስቀመጥሁት ነው። ይህች መኪና ስታፈስ ስለኖረች፣ ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ። ብዛቱን ለሽማግሌው አለመናገሬ የእኔ ስሕተት ነው።»

«አሁን አሻጥር ያልህ መስሎኝ።»

«ቸኩዬ ነው፣ ጓድ። ሳላጣራ።»

እንግዳው ፈገግ አለ።  «ጨጓራህስ እንዴት ነው?» አለው። «ያመዋል ብለውኝ ነበር።»

«ተሽሎኛል።»

«ደስ ይላል» አለ እንግዳው፤ ወደ ወረታ ቤቶችም በእግሩ አመራ።

እኔ ሥራዬን ያዝሁ። ከመንገዱ ዳር የእስላም ነጋዴ ቤተ ሰብ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቲቱ ፊታችንን አይታ፣ ቀድሞ የምታውቀን ይመስል የውሃ በርሜሏን ከፈተችልን። አማቴ በጀሪካን እየቀዱ ያመላልሳሉ፤ እኔ የታችኛውን ቱቦ ፈትቼ ያንን ልቃቂት በሽቦ እጎትታለሁ። እንግዳው አንድ ጊዜ መጥቶ «ውሃ ጨምርና እንሂድ» አለኝ። እምቢ አልሁት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ መኪናዋንም ስሟንም ቅበሩ አልሁት። በንዴት ነው የተናገርሁት፤ ከተናገርሁ በኋላ ነው ለማን እንደተናገርሁ ትዝ ያለኝ። ወደ ሱቁ ደጃፍ ተመለሰ።

ሲቀዘቅዝ ደጋግሜ አጠብሁት። የውሃውን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋውን ተርሞስታት አውጥቼ ጣልሁት፤ ተልባው እሱ ላይ ተለጥፎ እንደ ቡሽ ደፍኖት ነበር። ውሃው ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ያቺ ቀዳዳም አብራ ተከፈተች፤ ጠብ፣ ጠብ። ሌላ ሁሉ አልሆነም። ወደ ሱቁ ሄጄ እንቁላል ጠየቅሁ።

ሴትዮዋ ሳቀች። «በሁዳዴ እንቁላል የሚጠይቀኝ ክርስቲያን ዛሬ አየሁ» አለች። የምፈልገውን ስነግራት አንድ ሌማት ሙሉ አመጣችልኝ። የምጨምረውን ያህል ወሰድሁ፤ የተረፈውን ለእንግዶቹ ቀቀለችላቸው። «ሥጋችንን አትበሉም፤ እንቁላል ግን የማንም አይደለም» አለች፤ ወዲያውም ትዝ ብሏት፣ «ወይስ ጾመኞች ናችሁ?»

«እዚህ ውስጥ የሚጾም የለም» አለ እንግዳው። «መኪናዋ በር ላይ ካሉት ሽማግሌ በቀር።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ በርጩማ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፤ እንግዳውና ካድሬው። እኔ ኮፈኑ ሥር ሆኜ፣ አማቴ መኪናዋ በር ላይ ሆነው እናያቸዋለን። እንግዳው አንድ እንቁላል አንሥቶ ቀስ እያለ ላጠው። ሚጥሚጣ አስነካው። ከዚያ በእጁ ይዞ ወደ ካድሬው አፍ አቀረበው።

«ጓድ፣ ከእኔ እጅ ብላ።»

ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ከሹም እጅ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ካድሬው እንቁላሉን አየው። የእጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ተጨምድደው ሱሪውን ይዘዋል። አፉን ከፈተ። እንግዳው አጎረሰውና እስኪውጥ ድረስ ዓይኑን አላነሣም። ማላመጡ የማያልቅ መሰለኝ።  እንግዳው ሁለተኛውን ላጠ፤ እሱንም አጎረሰው። ከዚያ እጁን አራግፎ፣ «አሁን እርግጥም ተሽሎሃል» አለው።

አማቴን ዘወር ብዬ አየኋቸው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ የልጁን ጉሮሮ ያያሉ። ጾሙን ተገዶ የሚፈታ ሰው የሚይዘውን ፊት የሚያውቁት ናቸውና፣ ቆርቆሮው ለራዲያተር እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። የማን ጾም ለማን ሲባል እንደተፈታም ገባቸው። ተነሡ። የውሃ ጣሳውን ያዙና ወደ ደጃፉ ሄደው ካድሬውን እጁን አስታጠቡት። ሽማግሌ ወጣትን እጁን ሲያስታጥብ አይቼ አላውቅም። ካድሬው ብድግ ብሎ ጣሳውን ሊቀበላቸው ሲል፣ «ተቀመጥ ልጄ» አሉት። 

እንቁላሉ ያዘ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ጠብታው ቆመ፤ ደልጊ እስክንደርስ ቀስቱ ከመካከል አላለፈም። ጣና በግራችን እየታየ ሄድን። እንግዳው ከኋላ ተኝቶ ያንኮራፋል። ካድሬው መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውሃው እያየ ደረሰ። እንግዳው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ስለዚያ ቀን የጠየቀን ማንም የለም፤ እኛ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ለብዙ ጊዜ ደንግጠናል።

ከደልጊ በተመለስን በሳምንቱ አማቴ መሸንቲ ሄደው ተልባ አምጥተው፣ ሚስቴን አስቆልተው አስፈጩ። ያንኑ የወተት ቆርቆሮ ሞሉት። ከዚያ ወደ እኔ አምጥተው፣ ፊደል ስለማይጽፉ፣ በቀለም በጉልህ ጻፍልኝ አሉኝ። ምን ብዬ ልጻፍ አልኋቸው።

«የራዲያተር፣ በለው።»

ጻፍሁት። ረቡዕ ዕለት ወደ ዘጌ ወጥተን ሳለ ካድሬው ቁም ሣጥኑን ሲከፍት በመስታወቴ አየሁት። ቆርቆሮውን በእጁ ይዞ ጽሑፉን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። መጋረጃውን ሳበው። ከዚያን ቀን ወዲህ አሻጥር የምትለዋን ቃል ከአፉ አልሰማኋትም።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ክረምቱ ሲጠነክር፣ አንድ ማክሰኞ ሚስቴ ዶሮ ሠራች። ማዕዱ ቀረበ። አማቴ ጸሎት አደረሱና እጃቸውን ሳይዘረጉ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ምነው አባቴ?» አለች ሚስቴ።

«ዛሬ ጾሜ ነው።»

«በማክሰኞ? ማን ነው ማክሰኞን የሚጾም?»

 እሷ ተናዳ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «የዚያን ልጅ ዓርብ ያበላሸሁበት እኔ ነኝ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሱ ጾሙን የፈታው ለእኔ ነው። ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው፤ ጹምለት አሉኝ። ዓርብን ዓርብ አልጾምለት፤ እሷማ የራሴ ናት። ስለዚህ ከፍስክ ቀን ቆርሼ ልመልስለት ብዬ ነው።»

የዶሮውን እግር አፌ አጠገብ አድርሼው ነበር። ተልባ ቀዳዳ ይደፍናል ብሎ በዚህ ቤት ያወራ ማን ነው? መልሼ ወጡ ላይ አስቀመጥሁት።

ሚስቴ ጣሳውን ይዛ ስትመለስ ሁለታችንም ከማዕዱ ራቅ ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ አባቷን፣ አንዴ ያልተነካውን ዶሮ።

«አንተም?» አለችኝ።